እርሾው ላይ የተላከከ ሽታ

ሰውየው በፊት የበረሮ መድኃኒት ሻጭ ነበር። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ጉዱ፣ የሚያስታውስ ሰው መጥፋቱ ነው። ያው ድምፅ ማጉያ፣ ያው የተላላጠ የቆዳ ቦርሳ፣ ያችው «ዛሬ ያመለጠው ነገ አያገኘውም!» የምትል ዜማ። በዚያችው ድምፅ ማጉያ «አንድ ጠብታ ብቻ፣ በረሮ ደህና ሰንብት!» ሲል የኖረ ሰው ድንገት ጠፋና፣ ሲመለስ ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ መነጽር ሰክቶ፣ ራሱን «ፕሮፌሰር» አሰኝቶ መጣ። ጠብታዋ ግን ያችው ጠብታ ናት፤ አሁን የምትገድለው በሽታ ሆነ እንጂ። በረሮዎቹ፣ ለነገሩ፣ እስከ ዛሬ አሉ። ወልደዋል፣ ከብደዋል።

ይህን ካልረሱት ጥቂቶች አንዷ የዳቦ ቤቷ ሚዛን ነበረች። ሚዛን ስሟ አይደለም፤ ባሏ ያወጣላት ቅጽል ነው፣ በዚያው ቀረ። ሥራዋ ከማቡኪያ ማሽኑ የወጣውን ሊጥ እየቆረጠች ሚዛን ላይ መጣል ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ስትቆርጥ እጇ ስቶ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ እሷ ግን የገዛ እጇንም አታምንም። «ይመዘን» ትላለች። ደንበኛ «ዳቦው አነሰ» ካለ ይመዘን። ጎረቤት «ወፍረሻል» ካላት ይመዘን። ባሏ ደስ ብሎት «እወድሻለሁ» ቢላት እንኳ ከማን በላይ እንደሆነ ሳትጠይቅ አታልፈውም።

ባሏን ነበልባል ይሉታል። ምድጃው የሱ ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ ረጅሙን የእንጨት አካፋ ይዞ ዳቦ ሲያስገባ፣ ዳቦ ሲያወጣ ይውላል። ፊቱ እንደ ጡብ የቀላ፣ ቁጣው ቶሎ ነድዶ ቶሎ የሚጠፋ ሰው ነው። የለየለት ደም ግፊትም አለበት። የጤና ጣቢያዋ ሐኪም መጀመሪያ የለካችው ቀን መሣሪያው የተበላሸ መስሏት በሌላ ደግማ ነው ያመነችው። «በየቀኑ ጠዋት አንድ ክኒን፣ ዕድሜ ልክ» አለችው። ዕድሜ ልክ ሲባል እስራት የተፈረደበት ነው የመሰለው። ሚዛን ግን ሐኪሟን አቅፋ ልትስማት ምንም አልቀራት። የነበልባል አባት ያንኑ አካፋ እንደያዙ፣ እዚያው ምድጃ አፍ ላይ ወድቀው ነው የሞቱት፤ መውደቃቸውንም ለሰው የተናገረው የሚያርረው ዳቦ ሽታ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሏ ወደ ምድጃው ባጎነበሰ ቁጥር፣ ቀና እስኪል ድረስ ሚዛን ትንፋሿን ትይዛለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

እንግዲህ ፕሮፌሰሩ ዳቦ ሊገዛ ገባ። ሊገዛ ገባ ይባል እንጂ፣ ዳቦ ቤት ማለት ሰልፍ ያለበት ቦታ ነው፣ ሰልፍ ማለት ደግሞ መሄጃ የሌለው አድማጭ ማለት ነው።

«ጋሼ» አለ፣ ነበልባልን ትኩር ብሎ እያየ፣ «ፊትዎ ላይ አንድ ነገር ይታየኛል።»

«ዱቄት ነው» አለች ሚዛን፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«ደም ግፊት ነው!»

ሰውየው ምድጃ ፊት ቆሞ ፊቱ ሲቀላ እያዩ «ግፊት አለብህ» ማለት፣ ከወንዝ የወጣን ሰው «በስብሰሃል» እንደማለት ነው። ደግሞስ ነበልባል ግፊቱን ያልነገረው ሰው በሰፈሩ አለ? እሱ ግን አካፋውን ጣለና «እንዴት አወቁ?» አለ፣ አፉን ከፍቶ። ሚዛን ያኔውኑ ነገር እንደተበላሸ ገባት።

ፕሮፌሰሩ ጠርሙሱን አወጣ። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት የማይፈውሰው ነገር የለም፦ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ ወገብ፣ ራሰ በራነት፣ የፈተና ፍርሃት፣ እንዲሁም «ምክንያቱ ያልታወቀ ድካም»።

«ፕሮፌሰር» አለች ሚዛን፣ «ራሰ በራነትን ከፈወሰ እርስዎ ምነው ባርኔጣ አዘወተሩ?»

«እኔ ለሕዝብ ስኖር ለራሴ ጊዜ አጥቼ ነው፣ እህቴ» አለና ወደ ነበልባል ዞረ። «አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ። ከክኒን ጋር አይደባለቅም። ክኒን ከነካኩበት ይቀየማል።»

«ማን ነው የሚቀየመው?» አሉ ከጥግ እትዬ።

«መድኃኒቱ።»

«እሰይ!» አሉ እትዬ። «በቤታችን ቀያሚ አንሶን ነበር።»

እትዬ የነበልባል ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ስትሞት ወንድማቸውን አዝለው ያሳደጉት፣ ሚዛንንም ሙሽራ ሆና ስትመጣ ሊጥ መያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አሁን ጉልበታቸው ስለደከመ ከእርሾው ማሰሮ አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የቤቱ እርሾ የሳቸው ነው፤ ዱቄትና ውሃ እያበሉ የሚያኖሩት፣ እንደ ሰው የሚሰድቡትና የሚያቆላምጡት። የስኳር በሽተኛ ናቸው። የመርፌያቸው ብልቃጥ በዳቦ ቤቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከማርጋሪኑ ጎን ይቀመጣል፤ በየዕለቱ ጓዳ ገብተው ሆዳቸውን እየወጉ «ይኸው ወንፊት ሆንኩልህ፣ ምን ትነፋብኝ ይሆን?» እያሉ ከፈጣሪያቸው ጋር ይሟገታሉ።

ከዚያን ቀን ወዲያ ነበልባል ክኒን አልነካም አለ። ሚዛን ለመነችው፤ እምቢ። ተቆጣችው፤ ብሶት ተቆጣ፣ ተቆጥቶም ይበልጥ ቀላ። አባቱን አስታወሰችው።

«አባቴ ጠብታውን ቢያገኝ ኖሮ አይሞትም ነበር» አላት።

«አባትህ ክኒኑን ቢያገኝ ነበር የማይሞተው!»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን በሚዛን!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህ ደግሞ የያዘው ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱንማ መዝናዋለች። ያንኑ ያህል ውሃ በሌላ ጠርሙስ ቀድታ አስተያየችው፤ ልክ ነው። ቀመሰችው። ውሃ ነው፣ ቅጠል የታጠበበት ውሃ። ዱቄት ማስቀመጫው ክፍል ገባችና ጆንያ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ይህ ግትር፣ ይህ ወሬኛ፣ ይህ ምራቁን የዋጠ የሚመስል ሕፃን ሰውዬ ቢሞትባት እንዴት እንደምትኖር አታውቅም ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ፍልስፍና የለውም። አልቅሳ ስትጨርስ ፊቷን በሽርጧ ጠረገች፤ ዱቄት በዱቄት ሆነች።

ያንኑ ቀን ፋርማሲ ሄዳ «ይህ ክኒን ተደቁሶ በውሃ ቢሰጥ ችግር አለው?» አለች።

«ይህኛው የለውም» አለ ፋርማሲስቱ። «ለሕፃን ነው?»

«አዎ።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስልሳ ሊሞላው ነው።»

ዳቦ ጋጋሪ ጨው ሊጥ ላይ አይበትንም። መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ያሟሟዋል፤ ከውሃው ጋር ከተስማማ በኋላ ሊጡ ጨው እንደገባበት አያውቅም። ሚዛንም እንደ ሙያዋ አደረገች። በየጠዋቱ ክኒኑን በብርጭቆ ቂጥ ትደቁሰዋለች፣ ነበልባል ጠብታውን በሚጠጣባት አበባ ያለባት ስኒ ውስጥ ታሟሟዋለች፣ ምሬቱ እንዳያጋልጣት ደግሞ አንድ ማንኪያ ማር ትጨምርበታለች። እሱ ይጠጣል፣ ከንፈሩን ይልሳል።

«ጣፈጠ እኮ!» አለ አንድ ቀን። «ፕሮፌሰሩ አሻሽሎታል።»

«ተመራማሪ ነዋ» አለች ሚዛን።

ያሰበችው ሆነ፤ ግፊቱ ወረደ። እዚህ ላይ ተረቱ ቢያልቅ ምን ነበረበት! ነገር ግን ነበልባል ዝም ብሎ የሚድን ሰው አይደለም። ጤና ጣቢያ ሄዶ ተለካ፤ ነርሷ «ጎበዝ፣ እንዲሁ ይቀጥሉ» አለችው። እሱም ምኑን እንደሚቀጥል ሳይነግራት ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ለሰልፈኛ ተናገረ፣ ለዱቄት አምጪ ተናገረ፣ ፀጉሩን ሲቆረጥ ለፀጉር ቆራጩ ተናገረ። ፕሮፌሰሩ ይህን ሰምቶ ካሜራ ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ በየጠርሙሱ ላይ የነበልባል ምስል ተለጠፈ፤ አካፋውን እንደ ጦር አቁሞ፣ ጥርሱን ብልጭ አድርጎ፣ ከሥሩ «ሕያው ምስክር» ተብሎ ተጽፎበት።

ሚዛን ያንን ምስል ስታይ ጠርሙሱን አዙራ በጀርባው አቆመችው። እውነቱን ብትናገር ያንን ስኒ ዳግመኛ አይነካውም። ካልተናገረች ውሸቱ እየፋፋ ነው፣ ያውም በሷው ማር። ነገ እናገራለሁ ትልና ነገ ሲመጣ ባሏ ወደ ምድጃው አጎንብሶ በደህና ቀና ሲል ታያለች፤ ትንፋሿን ትለቃለች፤ ዝም ትላለች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ ነገሩ።

ሌላውም ጉድ የመጣው በዚህ መሐል ነው። እትዬ ፕሮፌሰሩን አንድም ቀን አላመኑትም። «እሱ ሰውዬ ምላሱ ከጠርሙሱ ይረዝማል» ነበር የሚሉት። ወንድማቸውን ግን ያምኑታል። ያ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እሳቸውን ዋሽቷቸው አያውቅም፤ አሁንም ዓይናቸው እያየ፣ ክኒን ጥሎ ጠብታ ይዞ፣ ግፊቱ ወርዶ ነርስ አመስግናዋለች። ሆዳቸው ደግሞ መርፌ ሰልችቶታል። አንድ ቀን መርፌውን ተዉት። በማግስቱም ተዉት። ለወንድማቸው ብቻ ሹክ አሉት።

«ለሚስትህ እንዳትነግር» አሉት። «ሚዛን ላይ ታወጣኛለች።»

«ምን በወጣኝ!» አለ እሱ፣ ደስ ብሎት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እትዬ ጠብታውን ቢጠጡት ቢጠጡት ጥማት ብቻ ሆነ። ጉልበታቸው ከዳቸው። ነበልባል እህቱን አየና አዘነ፤ አሰበም። ማሰቡ ነው የከፋው።

«ያንቺ ጠርሙስ ሳይበላሽ አልቀረም፣ እትዬ» አላቸው። «ከኔ ጠጪ። የኔ ይሠራል።»

እውነቱን ነበር፤ የሱ ይሠራል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየጠዋቱ አበባ ያለባትን ስኒ በሽርጡ ከልሎ ወደ እህቱ ክፍል ይወስዳል፣ ግማሹን ያጠጣቸዋል፣ ግማሹን ይጠጣል። ዳቦ ሲያወጣም የመጀመሪያውን ለብቻው በልቶት አያውቅም፤ በአጠገቡ ላለ ሰው ሳይቆርስ አይሆንለትም። ሚዛን ይህንን ሁሉ አላወቀችም። ያወቀችው ሽታውን ነው።

አንድ ጠዋት ሊጥ ስትቆርጥ አፍንጫዋን ሰረሰራት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ፣ የበሰበሰ ፍራፍሬም ያለበት ሽታ። ሌላ ሰው ቢሆን «ምንድን ነው ይሄ?» ይል ነበር። እሷ ግን የዳቦ ሰው ናት፤ ይህን ሽታ ታውቀዋለች። እርሾ ሲረሳ፣ ዱቄት ሳይበላ ሲቆይ፣ ልክ እንዲህ ነው የሚሸተው።

«እትዬ፣ እርሾው ተርቧል» አለች።

እትዬ የሰደቧቸው ያህል ነው የቆጠሩት። «እኔ? እርሾ አስርቤ? ባልሽን አዝዬ እኮ ነው ይህን እርሾ ያበላሁት!»

«ይሸታል እኮ፣ እትዬ።»

«አፍንጫሽ ይሆናል የሚሸተው!»

ተጣሉ። ሚዛን ማሰሮውን ከፈተች፤ እርሾው ፊኛውን እየነፋ ደህና ተቀምጧል። ቢሆንም አላመነችውም። ግማሹን ደፍታ ዱቄት ጨመረችበት። ሽታው አለ። ማሰሮውን በፈላ ውሃ አጥባ ቀየረችው። ሽታው አለ። ማቡኪያ ማሽኑን ፈትታ አጠበች፣ የላሜራ መደርደሪያውን ፈተገች፣ የነበልባልን ብብት አሸተተች፤ እዚያ ሌላ ሽታ ነው ያለው። እትዬ ወንበራቸው ላይ ሆነው ውሃ በላይ በላዩ እየጠጡ፣ በየመሐሉ ወደ ሽንት ቤት እየተነሡ፣ «ቤቱን ለምን አታፈርሺውም አንደኛሽን?» ይሏት ነበር። ሚዛን የውሃውን ጥማት ለምድጃው ሙቀት ሰጠችው። ማቀዝቀዣውን ለማርጋሪን ስንቴ ከፍታ ስንቴ ዘጋችው! ብልቃጧ ካለችበት ንቅንቅ አላለችም፣ ውስጧም አልጎደለም። ሁሉን የምትመዝነው ሴትዮ እሷን አላየቻትም።

ከዚያ አንድ ጠዋት እትዬ እርሾውን ሊያበሉ አልመጡም። ታመውም፣ አዝነውም፣ ተኳርፈውም ቀርተው አያውቁም። ሚዛን እጇን ሳትታጠብ ወደ ጓሮው ክፍላቸው ሮጠች። በሩን ስትከፍት ያ ሽታ እንደ ግድግዳ ቆሞ ተቀበላት።

በዚያ ክፍል ውስጥ እርሾ የለም።

እትዬ አልጋቸው ላይ ተጋድመዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ተራራ እንደወጣ ሰው በረጅሙ ይተነፍሳሉ፣ ቢጠሯቸው ዓይናቸውን ገልጠው መልሰው ይከድናሉ። ሚዛን ጠጋ አለች። ሽታው ከአፋቸው ነው። ከራስጌያቸው ባለው ወንበር ላይ አበባ ያለባት ስኒ ተቀምጣለች፤ ከቂጧ የትናንት ማር ተጋግሯል። የማን ማር እንደሆነ ሚዛን ለማወቅ መቅመስ አላስፈለጋትም። እስካሁን ጮኻ በማታውቀው ድምፅ ባሏን ጠራችው።

ዳቦ በሚያከፋፍሉባት መኪና፣ በባዶ ሣጥኖች መሐል አስተኝተው ሆስፒታል አደረሷቸው። የሆስፒታሉ ሐኪም ወጣት ናት፣ ፈጣን ናት፤ መርፌውንም በደም ሥር የሚገባውን የጨው ውሃም በአንድ አፍ አዘዘች። ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች።

«ስኳራቸው ሰማይ ነክቷል፤ እሱ ገብቶኛል። ግፊታቸው ግን ወለል ላይ ነው፣ ውሃ ማጣት ብቻ እንዲህ አያወርደውም። የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ነበልባል። «እህቴ ኬሚካል በአፏ አይዞርም። ይህን ብቻ ነው፤ ንጹሕ የተፈጥሮ ነው።» ጠርሙሱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።

ሐኪሟ ጠርሙሱን አየች፣ ምስሉን አየች፣ እሱን አየች።

«ይሄ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ» አለ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ትንሽ ኮራ አለ፣ እግዜር ይይለት።

ሐኪሟ ወደ ሚዛን ዞረች። «እባክዎን፣ የሚያውቁት ነገር ካለ አሁኑኑ ይንገሩኝ። ምን እንደወሰዱ ካላወቅኩ በጨለማ ነው የምሠራው።»

ሚዛን ባሏን አላየችውም። ብታየው እንደማትናገር ታውቃለች።

«ወስደዋል» አለች። «የግፊት ክኒን። የሱን ነው። እኔ ደቁሼ ስኒው ውስጥ እጨምርለት ነበር፤ እሱ ለካ ያካፍላቸዋል። ሳያውቅ ነው።» የክኒኑን ስም ተናገረች፣ መጠኑን ተናገረች፤ እጇ ሽርጧን እንደ ሊጥ ያሸው ነበር።

ሐኪሟ ለመቆጣት ጊዜ አልነበራትም። ለነርሷ ሌላ ነገር አዘዘች፤ እየሄደች ዞር ብላ፣ «ትንፋሻቸው ይሸት አልነበረም? ስኳር ያለ መርፌ ሲቆይ እንዲህ ይሸታል። ማንም አላስተዋለም?» አለች።

«እርሾ መስሎኝ» አለች ሚዛን።

ሐኪሟ አልገባትም፤ ሄደች። መተላለፊያው ላይ ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«አታለልሽኝ» አለ ነበልባል።

«አታለልኩህ።»

«እንደ ሕፃን!»

«ፋርማሲስቱንም ሕፃን ነው ያልኩት።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። ቀይ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ያ ሁሉ ምስክርነቴ… ጠብታው አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«እኔ እኮ ከልቤ ነው እትዬን…» ብሎ መጨረስ አቃተው። በዝግታ፣ ሳይቆጣ፣ «አንዲት ቃል ብትናገሪ ኖሮ እትዬ መርፌዋን አትተውም ነበር» አለ።

ይህ ነው የገደላት። ልክ ነው፤ ቢመዘንም ልክ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ሰው፤ መድኃኒቱን ስለደበቀ ግን እስካሁን የተረተ የለም። አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለቱም የዚያችን ክፍል በር ሲያዩ ዋሉ። ምድጃው ያለ ሰው ቀርቶ ዳቦው አርሮ ነበር፤ ማንም አላሰበውም።

እትዬ አልሞቱም። ስኳሩ ቀስ እያለ ወረደ፣ ግፊቱ ቀስ እያለ ወጣ፣ በመጨረሻም ዓይናቸውን ገልጠው ውሃ ጠየቁ። ነገሩን አንድ ባንድ ነገሯቸው። እትዬ ትራሱን ተደግፈው አንዴ ወንድማቸውን፣ አንዴ ሚዛንን አዩ።

«እስቲ ይግባኝ» አሉ፣ በተሰነጠቀ ድምፅ። «አንቺ ከፍቅርሽ ብዛት ደበቅሽ። አንተ ከፍቅርህ ብዛት አካፈልከኝ። እኔም አንተን ወድጄ አመንኩህ። ጠላት ቢኖረን ኖሮ እኮ ሥራ ይፈታ ነበር!»

ሚዛን እግራቸው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«እሱን እናያለን» አሉ። «እርሾዬን ደፍተሻል አሉ። መጀመሪያ እሱን አስረጂኝ።»

ከሆስፒታል በወጡ በጥቂት ቀን ፕሮፌሰሩ መጣ። ድምፅ ማጉያውን፣ ቦርሳውን፣ ከኋላው ደግሞ ከሌላ ሰፈር የሰበሰበውን ሰው አስከትሎ። «ሕያው ምስክሩን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ» ብሎ ነው ያመጣቸው። አንዳንዶቹ ከዘራ ይዘዋል፤ አንዲት እናት ልጇን አቅፋለች። ነበልባል ከምድጃው ዞረ። ሚዛን እንደ ልማዷ ትንፋሿን ያዘች።

ነበልባል ድምፅ ማጉያውን ከሰውየው እጅ ተቀበለ።

«ስሙኝ» አለ። «እኔን ያዳነኝ ክኒን ነው። የጤና ጣቢያው ክኒን። ሚስቴ ተደብቃ በዚህ ጠብታ ውስጥ ስታጠጣኝ ነበር፤ እኔ ጅሉ ጠብታው መስሎኝ አወራሁ። እህቴ እኔን አምና መርፌዋን ትታ ከሞት አፍ ነው የተመለሰችው። ይህ ጠርሙስ ውሃ ነው። ያላችሁን መድኃኒት እንዳትተዉ። ምስሌንም ከጠርሙሱ ላይ አንሡልኝ፣ ጥርሴን ሳየው ያፍረኛል።»

ገባቸው ያልክ እንደሆን፣ ሰውን አታውቀውም። ከዘራ የያዙት አባት እጃቸውን አነሡ።

«እና ቅልቅሉን ሚስትህ ናት የምትሸጠው?»

«አያችሁ!» አለ ፕሮፌሰሩ ቀበል አድርጎ። «ክኒን እንኳ ተደባልቆበት ይሠራል!»

«ይቀየማል አላልክም እንዴ?» አለች ሚዛን።

«ይቅር ባይ ነው።»

ሰዎቹ ወደ ሚዛን መጠጋት ጀመሩ፤ «እህት፣ ለወገብም ትቀላቅያለሽ?» የሚል ሁሉ አለ። እንዲህ ሲሆን ነው ከጥግ፣ ከእርሾው ማሰሮ አጠገብ፣ የእትዬ ድምፅ የተሰማው።

«ፕሮፌሰር!» አሉ፣ ጮክ ብለው። «በረሮዎቹ ሰላም ብለውዎታል። ልጆቻቸውን ድረው የልጅ ልጅ አይተዋል!»

መጀመሪያ የሳቀው የሰፈሩ ሰልፈኛ ነው። ከዚያ አንዷ «ውይ! የበረሮው ሰውዬ!» አለች፣ አንዱ ያችን ዜማ በአፉ ደገማት፣ ሳቁ ከበሩ አልፎ መንገድ ወጣ። ቁም ነገር ያላስጣለውን ሳቅ አስጣለው። ፕሮፌሰሩ ባርኔጣውን አስተካክሎ ቦርሳውን ብብቱ ውስጥ ከተተና ሄደ። ሁሉም አልቀረም፤ ሁለት ሦስት ሰው ከኋላው ሲከተል ሚዛን አይታለች። ከዘራ የያዙትን አባት ግን እጃቸውን ይዛ ጤና ጣቢያውን በጣቷ አሳየቻቸው፤ ነበልባልም ትኩስ ዳቦ ቆርሶ አስያዛቸው።

አሁን ሚዛን ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደሩ» ከማለቷ በፊት አፍንጫዋን ወደ እትዬ አፍ ታስጠጋለች። «ምን እንደ ውሻ ታነፈንፊኛለሽ!» ይሏታል፤ ግን አፋቸውን ከፈት አድርገው ይጠብቋታል። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ብልቃጧን ታያለች፤ ጎድላለች። ይቅርታውን በአፋቸው አልተናገሩትም፤ እርሾውን ግን እንድታበላ አንዳንዴ ይፈቅዱላታል።

እውነቱ በወጣ ማግስት ጠዋት ክኒኑን አልደቆሰችውም። እንዳለ፣ ነጩን፣ በግልጽ ሊጥ በምትመዝንበት ሚዛን ላይ አስቀመጠችለት። ነበልባል ትንሽ ቆሞ አየው። ከዚያ አነሣውና በውሃ ዋጠው፤ ምላሱ ላይ ሟምቶበት ፊቱን አጨማደደ።

«ምሬቱ!» አለ። «ማሩስ?»

«ማሩ ለውሸቱ ነበር» አለችው።

ነበልባል አካፋውን አንሥቶ ወደ ምድጃው አጎነበሰ።